የባሕሩ ጫፍ ነፋስ

ምሥራቅ ነፋስ፣ ምሥራቅ ነፋስ፣ ሸራዬን ያዝልኝ፣
እናቴ ደጅ ድረስ ቀስ ብለህ…

ሲበርት ጊተንስ ከዚህ ወዲያ ያለውን አያውቀውም። «ቀስ ብለህ» ላይ ሲደርስ ከንፈሩን ይገጥምና ቀሪውን በአፍንጫው ያንጎራጉረዋል፤ ዜማው ይሄዳል፣ ቃሉ ይቀራል። የእናቱ ዘፈን ነው። ሸንኮራ ስትቆርጥ ውላ፣ ማታ እግሯን በጨው ውኃ ነክራ ትዘፍነው ነበር፤ እሷም ከዓሣ አጥማጅ አባቷ የወረሰችው ነው። ሚስቱ ዩሊን ግን ሰልችቷታል። «ዕድሜ ልክ ቀስ ብለህ፣ ቀስ ብለህ፤ ነፋሱ ራሱ እኮ ደክሞት ተቀምጧል» ትለዋለች።

የዚያን ቅዳሜ ማለዳም ይህንኑ እያንጎራጎረ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ቆሞ ነበር። የመንደራችን የሳንዲ ሪጅ ባሕር ሰው የሚዋኝበት ባሕር አይደለም። ከአፍሪካ ዳርቻ ተነሥቶ፣ በመንገዱ አንድ ደሴት እንኳ ሳይገታው የመጣ ማዕበል ነው እኛ ገደል ሥር ደርሶ የሚፈርሰው። ከገደሉ ግርጌ ግን ድንጋዩ እንደ ገበቴ የተቦረቦረበት ቦታ አለ፤ ማዕበሉ ይሞላዋል፣ ፀሐይ ታሞቀዋለች። ሲበርት በክሪኬት ጨዋታ ቀን የግራ ጉልበቱን እዚያ ይነክራል። ፈጣን ወርዋሪ ተንደርድሮ መጥቶ ክንዱን ሲለቅ፣ መላ ሰውነቱ የሚያርፈው በፊተኛው እግሩ ላይ ነው። የሲበርት ግራ ጉልበት ያንን ሸክም ከጉርምስናው ጀምሮ ሲቀበል ኖሮ አሁን ጠዋት ጠዋት እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል።

ያን ቀን ግን ያስጨነቀው ጉልበቱ አልነበረም። ነፋሱ ነበር።

የኛ የክሪኬት ሜዳ በባሕሩ ገደልና በሸንኮራው እርሻ መካከል የተዘረጋ ነው። አንደኛውን ጫፍ የባሕሩ ጫፍ፣ ሌላውን የሸንኮራው ጫፍ እንለዋለን። ነፋሱ ዓመት ከዓመት ከባሕር ወደ ሸንኮራ ነው የሚነፍሰው፤ ኮኮናቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ጎንብሶ ያደገው ለዚህ ነው። ሁለት ወርዋሪዎች ከሁለቱ ጫፍ ስድስት ስድስት ኳስ እየተፈራረቁ ይወረውራሉ። ከባሕሩ ጫፍ የሚወረውረው ነፋሱ ከጀርባው እየገፋው እንደ ጀልባ ይመጣል። ከሸንኮራው ጫፍ የሚወረውረው ደግሞ ነፋሱን በደረቱ እየገፋ፣ አቧራውን በዓይኑ እየተቀበለ፣ ዳገት እንደሚወጣ አህያ ሲያለከልክ ይውላል። ወግ አለን እንግዲህ፦ ነፋሱ የአንጋፋው ወርዋሪ ነው። ካፒቴን ተጫዋች ይመርጣል፣ ሰው ይደለድላል፤ ነፋስ ግን አይሰጥም። ነፋስ የሚሰጠው የያዘው ሰው ብቻ ነው፦ በራሱ ጊዜ፣ በራሱ እጅ፣ ኳሷን ለታናሹ አስይዞ፣ ወደ ሸንኮራው ጫፍ በራሱ እግር ሄዶ።

ለሲበርት ግን ማንም አልሰጠውም።

በልጅነቱ፣ ከመንገድ ላይ ሬንጅ ፍቆ፣ ጨርቅ ላይ ጠቅልሎ በሠራት ኳስ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ቅልጥም ሲያሳብጥ ያየው ሚስተር ኢኒስ ነው ወደ ክለቡ ያመጣው። ሚስተር ኢኒስ ያኔ የሳንዲ ሪጅ ነፋስ ባለቤት ነበር፤ ትከሻው እንደ ቤተ ክርስቲያን በር፣ ድምፁ እንደ ዝናብ ደመና። ሲበርት ለእሱ ከሸንኮራው ጫፍ ዓመታት ወረወረ። ማታ ሲተኛ ደረቱ ውስጥ ነፋሱ ገና ሲያፏጭ ይሰማው ነበር። ሚስተር ኢኒስ ግን አረጀ፤ ልጁ ደግሞ ነፋሱን እየተቃወመ እንኳ ከእሱ ፈጠነ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ አላስቻለውም፤ «ለልጁ ስጠው፣ ለልጁ ስጠው» ብሎ አንድ ላይ ጮኸ። ሚስተር ኢኒስ ኳሷን ሣሩ ላይ አስቀመጣት፤ በሰው እጅ አይደለም፣ ሣሩ ላይ። ቆቡን አወለቀ፣ ሜዳውን አቋርጦ በበሩ ወጣና ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ሜዳውን አልረገጠም። በረንዳው ወደ ሜዳው የሚያይ ነበርና ወንበሩን አዙሮ ኮረብታውን ሲመለከት ኖረ።

ሲበርት ኳሷን ከሣሩ ላይ አነሣት። ምን ያድርግ? ጨዋታው አላለቀም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ደሴቱ ሁሉ ያውቃል። ከባሕሩ ጫፍ ሲነሣ ሴቶቹ እንዲህ ይሉ ነበር፦

ዝጉት መስኮቱን፣ ዝጉት በሩን፣
ሲበርት ተነሣ ይዞ ባሕሩን።

ስሙንም ነፋስ አሉት፤ ሲበርት ብለው የሚጠሩት ዩሊንና ካፒቴኑ ብቻ ሆኑ። ደሴታችንን ባርቤዶስን ወክሎ ብዙ ዓመት ተጫወተ። በሰሜን እንግሊዝ ያለች አንዲት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተማ ወርዋሪ አድርጋ ቀጠረችውና፣ ሚያዝያ ሲገባ እየሄደ መስከረም ሲያልቅ የሚመለስ ተጓዥ ወፍ ሆነ። እዚያ ከአውቶቡስ ነጂው እስከ ቄሱ «ፕሮ»፣ በደመወዝ የሚጫወተው፣ ነበር የሚሉት። ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቦ ይወረውራል፤ ጣቱ በብርድ ይሰነጠቃል፤ ያከራየችው መበለት ካልሲውን ምድጃዋ ላይ ታደርቅለታለች። ሲመለስ ሁልጊዜ የሚያወራው ስለ አንድ ነገር ነበር። «እዚያ ነፋሱ የማንም አይደለም» ይል ነበር። «ጠዋት ከዚህ፣ ከሰዓት ከዚያ። ሰው የት እንደቆመ በምን ያውቃል?»

የደሴቶቹ ሁሉ ታላቁ ቡድን አንድ ጊዜ ጠርቶት ነበር። ቆቡን ሰጡት፣ ነጩን ልብስ ለብሶ ተዘጋጀ፤ ከዚያ ዝናብ ጣለ። ጨዋታው የተመደበለት ቀን ሁሉ ዘነበ። ሲበርት ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ውኃው ሜዳው ላይ ሲተኛ አየ። ሰማዩ ሲጠራ፣ ሲበርት በቦታው የተጠራለት ታማሚ ወርዋሪ ድኖ ነበርና ሲበርትን ወደ ቤቱ መለሱት። ቆቡ ዩሊን ሣጥን ውስጥ ብል እንዳይበላው ናፍታሊን ተደርጎበት አለ። ስለዚያ ዝናብ ሲበርት ሲያማርር የሰማው ሰው የለም፤ ያ የደሴቶቹ ነፋስ ነው፣ የሱ ነፋስ ደግሞ ሳንዲ ሪጅ አለ።

አሁን እንግሊዝም ቀረ፣ የባርቤዶስ ቡድንም ቀረ። የቀረው የመንደሩ ክለብና የባሕሩ ጫፍ ነበር። ከሸንኮራው ጫፍ ደግሞ ትሬቨር ሲሊ የሚባል የአናጺ ልጅ መጣ፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ክንዱ ረጅም። ነፋሱን በደረቱ እየገፋ እንኳ ኳሷ ስትወጣ ታፏጫለች። መንደሩ ያያል። ሁሉም አንድ ነገር ይጠብቃል፤ አንድም ሰው አይናገርም። ሚስተር ኢኒስን አንድ ጊዜ ጮኸንበት፣ ዳግመኛ እንዲያ መጮኽ አልወደድንም።

በዋዜማው፣ ዓርብ ማታ፣ ሰዎቹ በመጠጥ ቤቱ እንደ ወትሮው ዶሚኖ ይጫወቱ ነበር። በማግሥቱ ከጎረቤት መንደር ከቤል ሮክ ጋር የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነው። አውቶቡስ ነጂው ክላይድ፣ ምላሱ ከአውቶቡሱ የሚፈጥን ሰው፣ ዶሚኖውን ጠረጴዛው ላይ አጮኸና፦

«ነፋስ፣ ነገ ትሮጣለህ ወይስ አውቶቡሱን ላምጣልህ?» አለ።

«ያንተ አውቶቡስ እስኪደርስ ጨዋታው ያልቃል» አለ ሲበርት።

«ሊሆን ይችላል። ግን የኔ እኮ ጎማው ሲያልቅ ይቀየራል።»

ቤቱ ሳቀ። ሲበርትም ሳቀ። ጥግ ላይ ዝንጅብል መጠጡን ይዞ የተቀመጠው ትሬቨር ግን አልሳቀም።

«አንተስ ልጅ፣ ጎማህ እንዴት ነው?» አለው ክላይድ።

«እኔ አጎቴ ነፋስ ባሉኝ ቦታ ነው» አለ ትሬቨር፣ ጠርሙሱን እያየ።

ይህን ጊዜ ካፒቴኑ ዊንፊልድ አሌይን ገባ። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው፤ እጅጌው ላይ ሁልጊዜ ጠመኔ አለ። ሲበርት አጠገብ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሲበርት፣ ስለ ነገ…»

«ስለ ነገ ምን?»

ካፒቴኑ ጣሪያውን አየ። «ምንም። ዝናብ የለም ብሏል ሬዲዮው።»

ሲበርት ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ክላይድ፣ «ጉድ እኮ ነው» አለ። «ትምህርት ቤት ሙሉ ልጅ የሚያንበረክክ ሰው፣ አንድ ጉልበት የጠፋው ወርዋሪ ፊት ስለ ዝናብ ያወራል።»

«አንተ ለምን አልነገርከውም?» አለው ካፒቴኑ።

ክላይድ ዶሚኖውን መደርደር ጀመረ።

ሲበርት እቤቱ ሲደርስ ዩሊን የነገውን ነጭ ሱሪ ትተኩስ ነበር። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ትሬቨር ፈጣን ነው» አለ፣ ሳትጠይቀው።

«አውቃለሁ። የጓሮ ቆርቆሮዬን አይተኸዋል? የሱ ኳስ ያልነካው ቦታ የለም።»

«ከኔ ይፈጥናል።»

«ከዛሬው አንተ ነው፣ ከድሮው?»

አሰበ። «ከድሮውም ሳይፈጥን አይቀርም» አለ።

ዩሊን ካውያውን አቆመችው። በትዳራቸው ዘመን ይህን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም።

«እንግዲያ ስጠው» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እንዴት ነው የሚሰጠው? ኢኒስ ለኔ አልሰጠኝ። ከሣር ላይ ነው ያነሣሁት። ሌላው ቢቀር እንዴት እንደሚደረግ አላየሁም።» ጉልበቱን በሁለት እጁ ያዘ። «ሰጠሁት እንበል። ከዚያስ እኔ ምንድን ነኝ? ወንበሬን አዙሬ ኮረብታ ልይ?»

ዩሊን ሱሪውን አጠፈችና በወንበሩ መደገፊያ ላይ ሰቀለችው። «ተኛ» አለችው። «ጉልበትህ ይረፍ።»

እንዲህ ሆኖ ነው ቅዳሜ የነጋው።

ሳንዲ ሪጅ አስቀድሞ መታ፤ ደህና ነጥብም ሰበሰበ። ከምሳ በኋላ የቤል ሮክ መቺዎች ገቡ። ሜዳው ዙሪያውን ሰው ነው፤ የዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ሽማግሌዎቹ፣ ክላይድም አብሯቸው። ዩሊንና ሴቶቹ ከክለቡ ቤት ጎን ድስት ጥደዋል። ካፒቴኑ ቀይዋን አዲስ ኳስ ይዞ በቀጥታ ወደ ባሕሩ ጫፍ ሄደና፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ለሲበርት ሰጠው። ትሬቨርም ማንም ሳያዘው ወደ ሸንኮራው ተራመደ።

ሲበርት ተንደረደረ። ነፋሱ ጀርባውን አገኘው፤ ሸሚዙ እንደ ሸራ ተነፋ። ከሩቅ ላየው የድሮው ሲበርት ነው፦ ያው ርዝመት፣ ያው ክንድ። ኳሷ ግን ከእጁ ወጥታ መሬት ስትነካ ተቀመጠች።

የቤል ሮክ ካፒቴን ኦስሪክ፣ የስኳር ፋብሪካ መካኒክ ነው፣ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ ደስተኛ ሰው። ኳሷን ገፋ አድርጎ ወደ አጥሩ ሰደዳትና በመምቻው ላይ ተደግፎ፦

«ነፋስ፣ ወንድሜ፣ እንዴት ዋልክ? ሙቀቱ ከብዶናል፤ እስቲ ትንሽ አራግብልን» አለ።

ሕዝቡ ሳቀ፤ የኛም ሰው ሳቀ። ሲበርት ፈገግ ብሎ ወደ ምልክቱ ተመለሰ። ስድብና ቀልድ አይጎዳውም፤ በዚያ ውስጥ ነው ያደገው። የጎዳው ሌላ ነገር ነው። ፈጣን ወርዋሪ የመቺውን ዓይን አያይም፣ እግሩን ነው የሚያየው። የፈራ ሰው ዓይኑን ማጀገን ይችላል፤ እግሩ ግን ኳሷ ሳትመጣ ትንሽ ወደ ኋላ ትሸሻለች። ሲበርት ዘመኑን ሁሉ በዚያች ትንሽ ሽሽት ነው የኖረው፤ በብርዱ አገር እንኳ እሷን ሲያይ ይሞቀው ነበር። ያን ቀን የኦስሪክ እግሮች እንደ ተተከለ ምሰሶ ቆመዋል። ሰውየው ዘና ብሏል። ሲበርትን በማየቱ ደስ ብሎታል።

ከሸንኮራው በኩል ደግሞ ትሬቨር አንገቱን ደፍቶ፣ ነፋሱን በግንባሩ እየሰነጠቀ ይመጣል። አቧራው ዓይኑን አቅልቶታል። በየኳሱ መካከል በሸሚዙ ጫፍ ይጠርገዋል። ኳሷ ፈጣን ናት፤ ነገር ግን ነፋሱ ከፍጥነቷ ጥቂት ጥቂት ይነጥቃታል፣ መቺዎቹም በዚያች ጥቂት ይተርፋሉ። ነጥቡ ተቆለለ። የሻይ ዕረፍት ሊደርስ ሲል ሲበርት ለመቀለብ ከዳኛው አጠገብ ቆሞ ሳለ፣ ኦስሪክ ለዳኛው እንዲህ ሲል ሰማ፦

«ያ ልጅ ከባሕሩ በኩል ቢመጣብኝ ኖሮ ኑዛዜዬን ጽፌ ነበር የምገባው። እግዜር ጊተንስን ይባርከው፤ ነፋሱን ታቅፎ ይዞልናል።»

ክፋት የለበትም አነጋገሩ። ሰው ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ነበር ያለው።

በሻይ ሰዓት ሲበርት፣ ትሬቨር ከበርሜሉ ውኃ ቀድቶ ዓይኑን ሲታጠብ ቆሞ አየው። ልጁ ጎንበስ ብሎ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሲወጣና ሲገባ ይታያል፤ ደረቱ ውስጥ ያለውን ፉጨት ሲበርት ከውጭ ሆኖ ሰማው። ያንን ፉጨት ያውቀዋል።

ጨዋታው ሲቀጥል ካፒቴኑ ኳሷን አምጥቶ ለሲበርት ሰጠ። ሲበርት ከምልክቱ ላይ ቆመ። ነፋሱ ከኋላው መጣ፤ አንገቱ ሥር፣ ጆሮው ላይ፣ በሚያውቀው ቦታ ሁሉ ነካው። ሁሉም እስኪሮጥ ይጠብቃል። እሱ ግን ቆሞ ቀረ። ከዚያ መራመድ ጀመረ።

ኳሷን እንደያዘ ሜዳውን ለማቋረጥ ሄደ። ኦስሪክን አለፈ፣ ካፒቴኑን አለፈ። የሸንኮራው ጫፍ በዚያ በኩል ነው፤ የመውጫው በርም በዚያው በኩል ነው። ሚስተር ኢኒስን ያየን ሁሉ ያንኑ አካሄድ ነው ያየነው። ክላይድ ከዛፉ ሥር ተነሥቶ ቆመ። ዩሊን ማማሰያውን ከድስቱ አውጥታ በእጇ እንደያዘች ቀረች፤ ገንፎው እየተንጠባጠበ።

በሩ አጠገብ ሊደርስ ሲል ወደ ትሬቨር ታጠፈ። የልጁን እጅ ያዘ፣ መዳፉን ዘረጋ፣ ኳሷን አስቀመጠባት፤ ጣቶቹንም አንድ በአንድ አጠፈለት።

«ሂድ። ከባሕሩ በኩል» አለው።

ትሬቨር እጁን አየ። «እርስዎስ፣ አጎቴ?»

«እኔ እዚህ ነኝ። ስማኝ፤ ነፋሱ ከኋላ ይገፋሃል፣ እርምጃህን ያስረዝመዋል። መነሻ ምልክትህን ወደ ኋላ አርቀው፤ አለበለዚያ መስመር ረግጠህ ኳስህን ዳኛው ይሰርዝብሃል።»

ልጁ ሮጦ ሄደ። በመንገድ ላይ ኦስሪክ ሲያልፍ አየውና ከመምቻው ላይ ቀና አለ።

ትሬቨር ከባሕሩ ጫፍ ሲመጣ መስኮት ዝጉ የሚል አልነበረም፤ ሁሉም አፉን ከፍቶ ነበር። የመጀመሪያዋ ኳስ በኦስሪክ ጆሮ አጠገብ አፏጭታ አለፈች። ከሁለተኛዋ በፊት ኦስሪክ እግሮቹን ወደ ኋላ ሳበ። ሲበርት ከሩቅ አያት፤ ያቺን ትንሽ ሽሽት። ስድስቱ ኳስ ሲያልቅ የሱ ተራ ደረሰ።

ከሸንኮራው ጫፍ ቆመ። ይህን ጫፍ ከጉርምስናው ወዲህ አልረገጠውም። የለመደውን ያህል ተራምዶ ምልክቱን አደረገ፣ ዞረ፣ ተንደረደረ። ነፋሱ ደረቱን አገኘው፤ ሰው በሁለት እጁ የሚገፋው መሰለው። እርምጃው ሁሉ አጠረ። እግሩ ከመስመሩ በጣም ወዲህ ወደቀ፣ ኳሷም መንገድ ላይ ሁለቴ ነጥራ እንደ ደከመች ዶሮ መቺው እግር ሥር ደረሰች። ለልጁ የመከረውን ለራሱ ረስቶ ነበር፦ ነፋስ የሚገፋው ምልክቱን ያርቃል፣ ነፋስ የሚመልሰው ያቀርባል። የዘመናት ወርዋሪ እንዲህ ዓይነት ኳስ ሲወረውር አይተን አናውቅም።

ክላይድ ከዛፉ ሥር፣ «ነፋስን ነፋስ መለሰው» አለ፣ ሜዳውም በሳቅ ፈረሰ። ኦስሪክ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሲበርት ቀና ብሎ ወደ በሩ አየ። እዚያው አጠገቡ ነው፣ ክፍት ነው። ዩሊን ማማሰያዋን ጨብጣ ታየዋለች።

ሲበርት ራሱ ሳቀ። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ ጉልበቱን ይዞ ጎንበስ ብሎ። ወደ ምልክቱ ሄዶ በጫማው ተረከዝ አጠፋትና ወደ መስመሩ እጅግ አቅርቦ ሌላ ፋቀ። እንደ ወጣትነቱ ነፋሱን ሊታገለው አልሞከረም። አጭር ተንደርድሮ፣ ክንዱን ከፍ አድርጎ፣ ኳሷን ነፋሱ ላይ አስቀመጣት ማለት ይቻላል። ነፋሱም ያዛት። ኦስሪክ ትልቅ ኳስ አየ፣ ዘና ብላ የምትመጣ፤ አጥሩን ሊያሻግራት መምቻውን አወናጨፈ። ኳሷ ግን ገና አልደረሰችም ነበር። ነፋሱ እጅዋን ይዞ አንድ ትንፋሽ ያህል አቆያት፣ ወደ ጎንም ትንሽ ወሰዳት። የመምቻው ጠርዝ ነካት፣ ወደ ሰማይ ወጣች፣ ወረደችም፤ ካፒቴን አሌይን እጅ ላይ። ካፒቴኑ በሕይወቱ ብዙ ኳስ ጥሏል። ይህችን ግን ቀለባት፣ ቀልቦም በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ያዛት፣ ጠመኔው ሁሉ ነጭ ሸሚዙ ላይ ተነሣ።

«ተቃጠለ» አለ ዳኛው፣ ጣቱን አንሥቶ።

ኦስሪክ ሲያልፍ ሲበርት አጠገብ ቆመ። «ከየት አመጣሃት ይህችን?»

«ነፋሱ ነው» አለ ሲበርት። «እኔ አላውቅም።»

የቀረው ረጅም አልነበረም። ከባሕሩ በኩል ትሬቨር ከመቺዎቹ ጀርባ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ሲበትናቸው፣ ከሸንኮራው በኩል ሲበርት መቺዎቹን በትዕግሥት እየቋጠረ ሲያስቀምጥ፣ ፀሐይ ኮረብታው ላይ ሳትደርስ ቤል ሮክ ነጥባችንን ሳይደርስበት አለቀ። የመጨረሻውን ያቃጠለው ትሬቨር ነበር፤ መካከለኛው እንጨት ተነቅሎ እየተገለባበጠ ሄደ። ልጆቹ ተሸከሙት። ሲበርት በዳር በዳር፣ እያነከሰ፣ ወደ ክለቡ ቤት ወጣ።

ሴቶቹ ማውጣት ጀምረዋል። ዩሊን በባሚያ የተማሰለ የበቆሎ ገንፎ፣ በላዩ በቲማቲምና በሽንኩርት የበሰለ በራሪ ዓሣ አድርጋ ሳህኑን ሰጠችው። ሲቀበላት ክንዱን ጨብጣ ለቀቀችው።

ሳህኑን ይዞ ቆመ። የት እንደሚቀመጥ አላወቀም። ከዛፉ ሥር መጫወት ያቆሙ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ አለ፤ እዚያ ተቀምጦ የልጆቹን ስህተት ሲቆጥሩ መዋል ነው ሥራው። ክላይድ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀ።

«ና፣ ነፋስ። ለስላሳ ነው፣ መደገፊያም አለው። ጠብቀንህ ነበር» አለው፣ በፍቅር ነበር የተናገረው።

ሲበርት አግዳሚውን አየ። በሌላ በኩል የክለቡ ቤት ደረጃ ላይ ተጫዋቾቹ ተቀምጠዋል። ትሬቨር ግን አልተቀመጠም፤ ሳህኑን ይዞ፣ ሳይጎርስ፣ ሲበርት ወዴት እንደሚሄድ እየጠበቀ ቆሟል። ካፒቴኑ በመካከላቸው መጣ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሲበርት፣ በሚመጣው ዓመት…»

ሲበርት ጠበቀው።

«በሚመጣው ዓመት ከሸንኮራው በኩል የሚወረውርልን እፈልጋለሁ» አለ ካፒቴኑ፣ በአንድ ትንፋሽ። «ልጁን ከባሕሩ ብቻውን ማስሮጥ አልችልም። ከወዲያ የሚይዝለት ሰው ያስፈልገዋል። አንተ ትሆናለህ?»

«ጉልበቱስ?» አለ ክላይድ ከዛፉ ሥር።

«አጭር መንደርደሪያ ነው» አለ ሲበርት፤ ለክላይድ ይሁን ለካፒቴኑ አልታወቀም። «ከዚያ በኩል ጉልበት ብዙ አይፈልግም።»

ወደ ደረጃው ሄደ። ልጆቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁለት። በአንድ እጁ ሳህኑን፣ በሌላው የትሬቨርን ትከሻ ይዞ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ግራ እግሩን ወደ ፊት ዘረጋ። ትሬቨርም አጠገቡ ተቀመጠ።

«አጎቴ፣ ያቺ ያቆዩዋት ኳስ» አለ ልጁ። «እንዴት ነው የያዟት?»

«ልብላ መጀመሪያ» አለ ሲበርት፣ ከዓሣው ቆርሶ ከገንፎው ጋር ጎረሰ።